ልጆቹ «ጀላቲ! ጀላቲ!» እያሉ አስቸገሩኝ

የጓዳ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ ማንጎ ጀላቲ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ምነው እጄን በቆረጠው! ስለ ሽሮ አራት ገጽ ስጽፍ ዝም ያለኝ አንባቢ ሁሉ፣ ስለ ጀላቲ ሲሆን ብዕሩን አነሳ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ እንዳለ ለልጆች ሰጥቼዋለሁ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ ገብቼ 11 ዓመት ጁስ ቤት ሠራሁ። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማንጎ እያሸተትኩ ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጁስ ቤቱን ዘግቻለሁ፤ ማሽተቱ ግን አልለቀቀኝም። ሦስት ልጆች አሉኝ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የተሞከረው እነሱ ላይ ነው።

*

«እትዬ፣ ቤቴ ገርጂ ነው። የ6 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በር ላይ በላስቲክ የታሰረ ቀይና አረንጓዴ በረዶ የሚሸጥ ልጅ አለ። ካልገዛሁ ለቅሶ ነው፤ ከገዛሁ ምላሳቸው እስከ ማታ ቀይ ሆኖ ይውላል። እኔው ቤት ውስጥ ከፍራፍሬ እንዴት ልሥራላቸው? ያለኝ ተራ ፍሪጅና የጁስ መፍጫ ነው። ቅርጽ ማውጫ የለኝም።»
የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

የኔ እህት፣ ያለሽ ይበቃሻል። ቅርጽ ማውጫውን እርሺው። እኔ አንድ ጊዜ ገዝቼ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ልጄ የአሻንጉሊቷ አልጋ አደረገችው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው ጀላቲ ማለት የቀዘቀዘ ጁስ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ጁስ ቤት እያለኝ፣ ማታ የተረፈውን በኩባያ እያደረግሁ ፍሪዘር ውስጥ እከተው ነበር። ጠዋት የማገኘው ምን መሰለሽ? ጣዕም የሌለው ነጭ በረዶ፣ ከሥሩ የተጠራቀመ ስኳር። ልጆቼ ስኳሩን መጥጠው በረዶውን ይመልሱልኛል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጁስ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ቀድሞ ይረጋል፤ ስኳሩና ጣዕሙ ደግሞ ከበረዶው እየሸሸ አንድ ጥግ ይጠራቀማል። ስለዚህ የምታቀዘቅዢው ጁስ አይደለም፤ ፍሬውን ነው። ጠብታ ውሃ አትጨምሪበት።

ሁለት ትልልቅ ማንጎ ያዢ። በደንብ የበሰሉ። በደንብ ስል፣ በዘንጉ በኩል ስታሸቺው የሚጣፍጥ፣ በአውራ ጣት ስትጫኚው እሺ የሚል ነው። ጥሬ ማንጎ ስኳር አያድነውም። ከመላጥሽ በፊት እጠቢው፤ ቢላው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚገባው። ሥጋውን ከፍሬው አላቅቀሽ ፍጪው። የአንድ ብርቱካንና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። ማንጎው ክር ያለው ከሆነ በወንፊት አሳልፊው። እኔ «ምን አለበት» ብዬ ትቼው፣ ማታ በስልክ መብራት የልጅ ጥርስ ውስጥ የማንጎ ክር ስፈልግ አምሽቼ አውቃለሁ።

አሁን ቅመሺው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ምላስ በብርድ ጊዜ ጣፋጭነት በደንብ አይሰማውም። አሁን ልክ የሆነልሽ፣ ሲቀዘቅዝ ይኮመጥጣል። አሁን ትንሽ በዝቶ ከጣፈጠሽ፣ ነገ ልክ ይሆናል። ማንጎው ራሱ ካልረዳሽ፣ ወደ ስኳሩ ከመሄድሽ በፊት አንድ ቆዳው ነጠብጣብ የጣለ ሙዝ ጨምሪና እንደገና ፍጪ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ማር የምትወጂ ከሆነ ለእነዚህ ሁለት ልጆችሽ ችግር የለውም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ሕፃናትን የሚያሽመደምድ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ቢቀዘቅዝም ያው ነው።

ኩባያው። ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም የታጠበ የእርጎ ዕቃ ይሆናል። የቡና ሲኒ እንኳ የሚያህል ከሆነ ለ3 ዓመቷ ይበቃታል። ሲኒውን ራሱን ግን አትጠቀሚ፤ ብርጭቆና ጠርሙስማ ጨርሶ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። አንዴ የብርቱካን ጭማቂ በጠርሙስ ሞልቼ ፍሪዘር ከትቼ ተኛሁ። ሌሊት «ጧ» አለ። እኔ ሌባ የመሰለኝ! ጠዋት ከፍቼ ሳየው፣ የበዓል ሥጋዬ ላይ ስባሪ ብርጭቆ ተነስንሶበታል። አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ ጣልኩ። ስለዚህ ፕላስቲኩንም ቢሆን እስከ አፉ አትሙዪው፤ አንድ ጣት ይጉደል።

እንጨቱ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት። ሐኪም «አ! በል» ሲል ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት ታውቂዋለሽ አይደል? እሱ ነው። አንድ ፓኮ ብትገዢ ዓመት ይበቃሻል። ስለሚረዝም በመቀስ ለሁለት ቁረጪውና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጊው፤ ስንጥሩ የልጅ እጅ እንዳይነካ። ገና ከመጀመሪያው ብትሰኪው ይጋደማል። አንድ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ይቆይና ወፈር ሲል ስኪው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማታ ሠርተሽ ብታሳድሪው ጥሩ ነው። ለማውጣት ኩባያውን በመዳፍሽ ይዘሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ይለቃል።

ሁለት ማንጎ እንደ መጠኑ ሰባት ስምንት ትንንሽ ጀላቲ ይወጣዋል። ለትንሿ ስትሰጫት ተቀምጣ ትብላ። እንጨት አፍ ውስጥ ይዞ መሮጥ የለም። ወይንና እንጆሪ ሙሉውን አቀዝቅዘሽ አትስጫት፤ እንደ ጠጠር ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

በነገራችን ላይ የነዚህም ምላስ ቢጫ ይሆናል። ግን ይለቃል።

*

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። የልጅ ልጆቼ ለእረፍት መጥተው ሐብሐብ ፈጭቼ አቀዘቀዝኩላቸው። ድንጋይ ሆነ። አንደኛው "አባባ፣ መዶሻ የለም?" አለኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»
የአራት ልጆች አያት፣ ሐዋሳ

አባባ፣ የርስዎ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የሐብሐቡ ነው። ሐብሐብ ከመቶው 91 ወይም 92 እጁ ውሃ ነው። ርስዎ ያቀዘቀዙት፣ ቀይ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ማንጎ ወደ 83 እጅ ውሃ አለው፤ ሙዝ ደግሞ 75 ገደማ። የቀረው ስኳር፣ ክርና ሌላ ሌላው ነው። ጀላቲን ለጥርስ የሚያለሰልሰው ይሄ የቀረው ነገር ነው። ስኳር ያለበት ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ አይረጋም፤ ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ፍሪዘርዎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ጣፋጩ ፍሬ ውስጥ ሳይረጋ የሚቀር ጥቂት ፈሳሽ አለ። እሱ ነው ንክሻውን እሺ የሚያሰኘው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ለሁለት እጅ ሐብሐብ አንድ እጅ ሙዝ መቀላቀል ነው። ቀለሙ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ጣዕሙ ይወደዳል።

ሁለተኛውን እኔ አብልጬ እወደዋለሁ። ለርስዎም የሚስማማ ይመስለኛል፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፣ ጡረተኛ ደግሞ ጊዜ አለው። የተፈጨውን ሐብሐብ ፍሬውን አውጥተው፣ ሎሚና ትንሽ ስኳር ጨምረው፣ ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ዕቃ ላይ ያፍስሱት። ትሪ ከሆነ በጣም ጥሩ። ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተው በሹካ ይቧጭሩት። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚረጋው፤ እሱን ወደ መሀል ይግፉት። ሁለተኛው ላይ እንደ እርጥብ ጨው ይሆናል። አራተኛ አምስተኛ ጊዜ ላይ ትሪው ሙሉ ቀይ አመዳይ ይመስላል። በማንኪያ ነው የሚበላው። መቧጨሩ የሚጠቅመው፣ የበረዶው ቅንጣት ገና ሳያድግ ስለሚሰበር ነው። ዝም ብሎ ከተተወ ቅንጣቱ እየተያያዘ ያድግና መዶሻ ያስጠራል።

ልጆቹን በተራ ያስቧጭሯቸው። ፀብ ሊነሳ ይችላል፤ ሹካው አንድ ብቻ ከሆነ ይነሳል።

*

«እህቴ፣ ፓፓያ በወተት ፈጭቼ ለልጄ ልደት ጀላቲ ሠራሁ። ማታ ስቀምሰው ማር ነበር። በነጋታው እንግዶቹ ፊት እሬት ሆነ። ወተቱ ተበላሽቶ ነው?»
ከአዳማ

ኧረ እኔም ደርሶብኛል! እኔ ያፈርኩት ደግሞ ጁስ ቤት ውስጥ፣ በደንበኛ ፊት ነው። ወተቱ ላይበላሽ ይችላል። ፓፓያው ነው ሥራውን የሠራው። ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ነገር አለ፤ ሥጋ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ወተት ሲያገኝ የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረው ደግሞ ይመራል። ወዲያው ቢጠጣ አይታወቅም። ሲያድር ነው ጉዱ። ፍሪዘር ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ያልበሰለ ፓፓያ ሲሆን ይብሳል። አናናስም የዚሁ ዘመድ ነው።

ፓፓያ ስትሠሪ ወተቱን ተዪና በብርቱካንና በሎሚ አድርጊው። ወተት የግድ ካልሽ፣ ፓፓያውን መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ አፍይው፤ እሳት ያሸንፈዋል። ማንጎ፣ ሙዝና እንጆሪ ግን ከወተት ጋር ፀብ የላቸውም።

ወተት ካነሳሽ አይቀር። ከሰፈር የሚገዛ ወተት ሳይፈላ ጀላቲ ውስጥ አይገባም። ከጥሬ ወተት የተረጋ እርጎም እንደዚሁ። ብርድ ጀርም አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ልጁ ሆድ ውስጥ ሲሞቃት ትነሳለች።

*

«እባክሽ አስታርቂን። አማቴ "በረዶ ቶንሲል ያስይዛል" ብለው ልጄን ጀላቲ ከለከሉት። እኔ ደግሞ እንዲያውም ጉሮሮውን ሲያመው ደስ የሚለው እሱ ነው እላለሁ። ማን ልክ ነው?»
ከደሴ

የኔ ቆንጆ፣ ከአማትሽ ጋር በጋዜጣ አታጣይኝ። ግን እውነቱን ልናገር። ቶንሲል የሚያስይዘው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ነው፤ ብርድ አይደለም። ቶንሲሉን አስወጥቶ ከሐኪም ቤት ለወጣ ልጅ እንኳ ጉሮሮው እንዲደነዝዝለት ቀዝቃዛ ነገር ይሰጠዋል። ስለዚህ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ምግብ እምቢ ሲል፣ ለስላሳ የሙዝ ጀላቲ ሊልስ ይችላል። ሎሚና ብርቱካን ግን ያን ቀን ይቅርበት፤ ያቃጥለዋል።

አማትሽ ግን ከባዶ አልተነሱም። እሳቸው የሚያውቁት በረዶ፣ ከየት እንደተቀዳ በማይታወቅ ውሃ የተሠራውን ነው። ያንን የመጠጠ ልጅ ስንት ቀን በተቅማጥ እንደተኛ አይተዋል። ጃርዲያና አሜባ በረዶ ውስጥ ስለገቡ ብቻ ሁልጊዜ አይጠፉም። ስለዚህ «ውሃ የለበትም፤ ፍሬው ብቻ ነው» ብለሽ ስትሠሪ ይዩሽ። ውሃ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነም አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ።

አንድ ነገር ግን ከጀላቲው በላይ ያሳስበኛል። ልጁ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ካወጣ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። መድኃኒት ካዘዙለት ቢሻለውም ጨርሶ ይውሰድ። አንዱ የጉሮሮ ባክቴሪያ በደንብ ካልታከመ፣ ሳምንታት ቆይቶ ልብን የሚጎዳ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ልጅ የሚጎዳበት በሽታ ነው። እዚህ ላይ ጀላቲም፣ የአማትሽ ዝንጅብልም አያድንም።

የመጀመሪያውን ጀላቲ ለሳቸው ስጪ። በኩባያ፣ በማንኪያ። የኔዋ አማት «ለልጆች ከሚሰጥ…» እያለች ሁለት ጨርሳለች።

*

«መብራት ሄዶ ሲመጣ የቀለጠውን ጀላቲ መልሼ ባረጋው ችግር አለው? የኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሄዳል።»
ከአዲስ አበባ

ሁለት ጊዜ ብቻ? ታድለሻል።

የፍሪዘሩን በር ካልከፈትሽው፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24። ይሄ ለብቻው የቆመ ፍሪዘር ነው፤ ከፍሪጅ በላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ያን ያህል አትታመንም። በሩን እየከፈቱ «ቀለጠ ወይስ አልቀለጠ?» ማለት ነው የሚያቀልጠው። ባዶ ቦታ ካለሽ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች አስገቢበት፤ ብርዱን ይይዙልሻል።

ከቤት ስትወጪ የሆነውን የማታውቂበት ጊዜ ደግሞ አለ። ማታ ስትገቢ ሁሉም ረግቶ ታገኚዋለሽ፤ ግን መሀል ላይ ቀልጦ እንደነበር በምን ታውቂያለሽ? አንድ ኩባያ ውሃ አርጊና ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጪ። ሳንቲሙ እላዩ ላይ ካለ ደህና ነው። በረዶው መሀል ከገባ በከፊል ቀልጧል። ሥሩ ከተገኘ፣ ቤትሽ ባልነበርሽ ጊዜ ሁሉ ነገር ቀልጦ ነው መልሶ የረጋው።

ፍራፍሬ ብቻ ከሆነና ገና በረዶ በረዶ የሚል ነገር ካለበት መልሰሽ አርጊው። ሻካራ ይሆናል እንጂ አይጎዳም፤ ፈጭተሽው እንደገና ብታረጊው ይሻላል። ወተት ወይም እርጎ ያለበት ግን ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሞቅ ብሎ ከቆየ ይደፋ። ስስት አያስፈልግም።

*

«ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልሽ። ልጆቼ እዚህ የተወለዱ ናቸው። የአገር ቤቱን ስፕሪስ ላስለምዳቸው ብዬ አቮካዶ በስኳር ስፈጭ "እማ፣ እሱ እኮ የሳንድዊች ነው!" ብለው ሸሹ። ምን ላድርግ?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

ምን ያድርጉ፤ እነሱ አቮካዶን የሚያውቁት በጨውና በሽንኩርት ነው። እኛ ደግሞ በስኳርና በሎሚ። የሜክሲኮ አገር ልጅ የኛን ጁስ ቤት ቢያይ እሱም ይደነግጣል።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ስፕሪሱን በኩባያ አልሰጥም፤ በእንጨት ነው የምሰጠው። ሦስት ዕቃ አዘጋጂ። በአንዱ አንድ አቮካዶ፣ አንድ ሙዝ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ ማር፤ ሎሚው አቮካዶው እንዳይጠቁርም ይረዳል። በሁለተኛው ማንጎ። እናንተ ጋ ተቆራርጦ በከረጢት የቀዘቀዘ ማንጎ ስለሚሸጥ፣ ልጣጩም ሽታውን መምረጡም የለብሽም። በሦስተኛው እንጆሪ፣ ካልጣፈጠ ከግማሽ ሙዝ ጋር። ሦስቱም ለብቻ ይፈጩ። ኩባያው ውስጥ አንዱን አፍሰሽ፣ ፊቱ እስኪጠና አንድ ሰዓት ገደማ ጠብቂ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ሳትጠብቂ ካፈሰስሽ ይቀላቀልና ቡኒ ጭቃ ይሆናል። እንጨቱን ሁለተኛው ንብርብር ላይ ስኪው።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አየሽው? እኔ አስቤበት አልነበረም። አንድ ቀን ከኩባያው ሳወጣው ባንዲራ ሆኖ አገኘሁት። ግን ተገልብጦ! ቀዩን ቀድሜ ነበር ያፈሰስኩት። ጀላቲ ሲወጣ የኩባያው ሥር ነው አናት የሚሆነው፤ እንጨቱ ወደ ታች ነውና። ስለዚህ አረንጓዴውን ቀድመሽ አፍሽ። ልጆቹም የሚነክሱት ከአቮካዶው ጀምረው ይሆናል፤ ባንዲራውን እያዩ ሳንድዊቹን ይረሱታል። የጁስ ቤቱ ነገር እንዳይቀር፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ጠብታ ቪምቶ። ጠብታ ነው ያልኩት። እሱ ራሱ ስኳር ነው።

አቮካዶና ሙዝ ያለ ወተት እንደ ክሬም ስለሚለሰልሱ፣ ለጾምም ይሆናል።

*

«የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ፣ ድሬዳዋ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ፍሪዘር የለንም፤ በረዶ ግን መግዛት እንችላለን። ልጆቹ እያዩ የሚሠራ ነገር አለ?»
ከድሬዳዋ

የአገሬ ልጅ! የሙቀቱን ነገር ለኔ?

እኛ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ስናድግ፣ ሰፈሩ ውስጥ ፍሪጅ የነበራቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። እናቴ ሁመር (ሮቃ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ) ማታ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት በእጇ አሽታ ታጠልለዋለች። ስኳር ጣል ታደርግና በጣሳ እሳቸው ጋ ትልከዋለች። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ቡናማ፣ ኮምጣጣ፣ ጥርስ የሚበርድ በረዶ። ስድስት ልጅ በአንድ ማንኪያ። እስካሁን አፌ ውሃ ይሞላል።

ላንቺ ግን ጨው ያስፈልግሻል። ጨው በረዶ ላይ ሲነሰነስ በረዶው ይቀልጣል፤ ግን ሲቀልጥ ከዙሪያው ሙቀት ስለሚስብ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እስከ 21 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ ይችላል። የተፈጨ ማንጎ ወይም ሁመር በትንሽ ጠንካራ ላስቲክ አድርገሽ፣ አየሩን አውጥተሽ፣ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። እሱን በትልቅ ላስቲክ ክተቺ። አራት ኩባያ የተሰባበረ በረዶና ግማሽ ኩባያ ደረቅ ጨው ጨምሪበት። ትልቁንም እሰሪ። በፎጣ ጠቅልለሽ ልጆቹ እየተቀባበሉ ይናጡት። በአሥር ደቂቃ አካባቢ ይወፍራል። ለሃያ ልጅ አራት አምስት ላስቲክ አዘጋጂ።

ፎጣው ለጌጥ አይደለም። ጨዋማው በረዶ ባዶ እጅ ላይ ከቆየ ቆዳ ያቃጥላል። ትንሹን ላስቲክ ከመክፈትሽ በፊትም በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። አንዴ ረስቼ ጨው የገባበት ማንጎ አብልቻለሁ፤ የኔ ልጆች ዛሬም ያነሱብኛል።

*

«ዕድሜዬ 9 ነው። እማዬ ቢላ አትንካ ትላለች። ጁስ መፍጫም አትንካ ትላለች። ለብቻዬ ጀላቲ መሥራት እችላለሁ?»
ከባሕር ዳር

ትችላለህ። እናትህም ልክ ናት።

እጅህን ታጠብ። ሙዝ ላጥ። ለሁለት ቁረጠው፤ በእጅህ ይቆረጣል፣ ቢላ አያስፈልግም። በተቆረጠው በኩል እንጨት ስካበት። ከሱቅ የተገዛ እርጎ ውስጥ ንከረው። እናትህን የተፈጨ ለውዝ ለምናትና ላዩ ላይ ነስንስ። ለውዝ የማይስማማው ጓደኛ ካለህ ለሱ ያለ ለውዝ አድርግለት። ትንሽ ወንድም ካለህም እንደዚሁ፤ ሙዙንም ትንሽ ለስለስ ካለ በኋላ ስጠው። ሳህን ላይ አጋድመህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባው። ሦስት አራት ሰዓት ጠብቅ። በየአሥር ደቂቃው ሄደህ አትይ።

ስታወጣ ደግሞ በሩን በደንብ ዝጋው። ባለፈው ሳምንት የኔው ልጅ ክፍት ትቶት አደረ፤ የሠራሁት ሁሉ ወለሉ ላይ ነበር።